ውቅያኖሱን በሽማግሌ ጨረስነው

ዛሬ የጭሮና የአካባቢዋ ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያዘጋጀሁት የጥያቄና መልስ ውድድር በሽምግልና ተጠናቀቀ።

ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ «ከዓለም ትልቁ ውቅያኖስ የቱ ነው?» ሽልማቱ የሞባይል ካርድ።

የበደሳው አብዲ «ህንድ ውቅያኖስ» አለ። የመሰላ ወረዳው ታዬ «አትላንቲክ ነው እንጂ!» አለ። ሐዋ «ፓስፊክ» ብላ በትክክል መለሰች፤ ግን በዚያ ጭቅጭቅ መሃል ማን አይቷት!

(ሁሉም ጫቱን ይዞ በሚቀመጥበት በበርጫ ሰዓት ጥያቄ የለጠፈ ሰው ክርክሩን ራሱ ነው የጠራው።)

«አቦ፣ አንተ ባሕር የት አየህና ነው?» አለ አብዲ።

«አንተስ? በደሳ ላይ ወደብ ተከፈተ እንዴ?» አለው ታዬ።

ነገሩ ወደ ዘር ማንዘር ሊሄድ ሲል፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ ሐጂ ዩስፍ የድምፅ መልእክት ላኩ። «ልጆቼ፣ ሁለቱም ትልቅ ውሃ ነው። ካርዱን ተካፈሉና ይቅር ተባባሉ» ብለው ረጅም ዱዓ አደረጉ። ግሩፑ በ«አሚን» ተጥለቀለቀ።

አንድ ካርድ ለሁለት ስለማይከፈል ሌላ ገዝቼ ጨመርኩ።

ከዚያ ፈራ ተባ እያልኩ «ሐጂ፣ መልሱን ያገኘችው እኮ ሐዋ ናት» አልኳቸው።

«እሷን ከማን ጋር ላስታርቃት? ከማንም አልተጣላችም!» አሉኝ።

ሐዋ ወዲያው ጻፈች፦ «እሺ ሐጂ። ለነገው ጥያቄ ከማን ጋር ልጣላ?»

እናንተስ፣ ትክክል ሆናችሁ ባለመጣላታችሁ የተሸነፋችሁበት ቀን የለም? ኮሜንት ላይ አጫውቱኝ። ብቻ እዚያ እንዳትጣሉ፤ ካርድ አልቆብኛል።