«ለስልጠና ሄዳለች»

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሎሚ በጥፍሩ ቧጭሮ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ፣ ያ ሽታ ሳላስበው ወደ አሥር ዓመቴ ይመልሰኛል፤ እግሮቼም ወዲያው አርፈው መቀመጥ ያቅታቸዋል። በዚያ ዓመት ቤታችን ሎሚ ሎሚ ይል ነበር። እናቴ የምግብ ሽታ ፈጽሞ መቋቋም ስላልቻለች ከትራሷ ሥር ሎሚ አይጠፋም ነበር።

የምንኖረው ሆሳዕና ነበር። እናቴ የሀደሮ ልጅ ስትሆን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ አባቴ የሀዲያ ሰው ነው፣ ሥራው አናጢነት። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተለያየ በመሆኑ እርስ በርስ በአማርኛ ስለሚነጋገሩ እኔና የአራት ዓመቱ ወንድሜ ናቲም አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነበር። ክረምቱ እንደገባ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን አልጋ ላይ ከእናቴ ጋር ስንታገል፣ ማበጠሪያዋን ነጥቄ ለማምለጥ ስፈናጠር ክርኔ ጡቷን መታት። እናቴ ሳቂታ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ጡቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በመጨረሻ «ሂጂ፣ ናቲን እዪልኝ» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መናኸሪያ ሄዱ፤ በማግስቱ የእናቴ ታናሽ እህት ታደለች ከሀደሮ መጥታ ቤቱን ተረከበች። «እማዬስ?» ስላት «ለስልጠና ሄዳለች፣ አዲስ አበባ» አለችኝ። አስተማሪዎች በክረምት ለስልጠና መሄዳቸው የተለመደ ስለነበር ውሸቱ ውሸት አይመስልም ነበር። ግን ለስልጠና የምትሄድ አስተማሪ ባሏን አስከትላ አትሄድም፤ አክስቴም ልብስ እያጠበች አታለቅስም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቆየት አቃተኝ። ጠዋት ግቢውን ጠርጌ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ናቲን አጥቤ፣ ሥራው ሲያልቅብኝ ተመልሼ ግቢውን እጠርግ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሰፈራችን ወዳለው ወደ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ስለሚደውል፣ ከማለዳው ጀምሮ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት እመላለሳለሁ። ጋሽ ሸምሱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው «ምሕረት፣ ስልኩ ሲጠራ እኔ እጠራሻለሁ፣ ግቢና ተቀመጪ» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቀመጥም። ስልኩ ጠርቶ እናቴ ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ «ስልጠናው እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቃት «ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር መምህራችን በቀን አሥር ጊዜ «ቁጭ በይ» ይለኝ ጀመር። የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ፣ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፤ የጎረቤት ሴቶችም አክስቴን ሊያግዟት መጥተው ኩሽናችን ውስጥ ቡላውን በቅቤና በወተት እያበሰሉ አተካና ይሠሩ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሀዲይኛ «ጡቷን ቆረጡት አሉ። ካንሰር ነው» አለች። ልጅቷ ቋንቋውን አትሰማም ብላ ነው፤ ሀዲይኛ ግን መንገድ ላይ ስጫወት ከለመድኩት ቆይቻለሁ።

የያዝኩትን ሳህን መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ፣ ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ጃጁራ ማንም የለኝም። በጭንቅላቴ ውስጥ ግን «የመታኋት እኔ ነኝ» የሚል ነገር እየተመላለሰ ቆም ልል ስል ይገፋኛል። አክስቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከከተማው ከወጣሁ በኋላ ደረሰችብኝ።

«ወዴት ነው?»

«እንጃ» አልኳት።

ይመታኛል ብዬ የጠበቅኩት እጇ ነጠላዋን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «አባትሽ ለልጆቹ እንዳልናገር አስምሎኛል» አለችኝ እያለከለከች። «ስለዚህ እባክሽ አትጠይቂኝ።» እጄን ይዛ ተመለስን። እሷም ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

በኅዳር እናቴ መጣች። ከስታ፣ ሻሽ አስራ፣ በአባቴ ተደግፋ ስትገባ አባቴ «እንዳትነኳት፣ እንዳታስቸግሯት» አለ። ለሁለታችንም ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ለእኔ ብቻ የተናገረ መሰለኝ። በየሦስት ሳምንቱ ለካንሰሩ መድኃኒት አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ ለቀናት ታስመልሳለች፤ እኔም ከክፍሏ ደጃፍ አልፌ አልገባም ነበር። ጎረቤታችን ነርሷ ሲስተር አበበች ከሥራ ስትወጣ የማስመለሱን ማስታገሻ መርፌ ልትወጋት ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ስትወጣ ንጹሑን ግቢ ስጠርግ አገኘችኝ።

«ዛሬ ስንተኛሽ ነው?»

«ሦስተኛዬ።»

ቁጭ በይ አላለችኝም። ቦርሳዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ በግቢው ጥግ የተበተነውን የአባቴን ቁርጥራጭ ጣውላ መደርደር ጀመረች፤ እኔም መጥረጊያዬን ጥዬ ማቀበል ጀመርኩ። ጥቂት ከደረደርን በኋላ ወደኔ ሳታይ «እናትሽ በምን የታመመች ይመስልሻል?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«በክርኔ መትቻት ነው» አልኩ።

ሲስተር አልሳቀችም። የያዘችውን ጣውላ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «በክርን ስለተመታ ካንሰር የያዘው ሰው የለም» አለችኝ። «ቢሆንም ከእሷ አፍ ስሚው።» እጄን ይዛ ስታስገባኝ አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«ልጅ እኮ ናት» አላት።

«ልጅ ስለሆነች ነው» አለችው ሲስተር።

እናቴ ሁሉንም ከሲስተር ሰምታ የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አድርጋ «ነይ። አልሰበርም» አለችኝ። «እብጠቱን ያገኘሁት በፋሲካ ሰሞን ነው፣ ምሕረቴ። ፈርቼ ለአባትሽም አልነገርኩትም። ያንቺ ክርን ሲያሳምመኝ ነው ከዚህ በላይ መደበቅ እንደማልችል የገባኝ። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለዚህ ነው።»

«ትሞቻለሽ?»

አባቴ ከበሩ ዞር አለ።

«አላውቅም» አለች። «አሁን ማንም አያውቅም። እኔ ያወቅሁ ዕለት ግን እነግርሻለሁ፤ ከሌላ ሰው አትሰሚውም።»

አጠገቧ ተጋደምኩ። ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅና እግሬን ሳላንቀሳቅስ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እንደገና ብድግ ቁጭ ስል ነበር። ለናቲ የመንገር ሥራ ግን ለእኔ ተሰጠኝ። «ፀጉሯን ያረገፈው መድኃኒቱ ነው፤ መንካት ይቻላል» ስለው ሄዶ ሻሿን ገፋ አድርጎ፣ መላጣዋን በመዳፉ አሻሽቶ፣ «ለስላሳ ነው» ብሎ ሳቀ። እናቴም አብራው ሳቀች። አባቴ ወደ ውጭ ወጥቶ እስኪመለስ ብዙ ቆየ።

የበልጉ ዝናብ ሲጥል ፀጉሯ እንደ ጫጩት ላባ ወጣ፤ በመስከረም ወደ ክፍሏ ተመልሳ አምስት ዓመት አስተማረች። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ፣ አባቴንና ናቲን አስቀድማ እኔን ወደ ኋላ አስቀረችኝና «ተመልሷል። አሁን አውቄዋለሁ» አለችኝ። ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ፤ ያልተነገረኝ ነገር አልነበረም።

አሁን እኔም በሆሳዕና አስተማሪ ነኝ። ያኔ የበሽታው ስም በኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው፤ ዛሬ ሰው በታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያወራው እሰማለሁ፤ ቤት ውስጥ ሲነሳ ግን ልጆቹን አሁንም ወደ ውጭ ያስወጧቸዋል። በዚህ ዓመት በማስተምርበት ክፍል፣ እናቷ አዲስ አበባ የምትታከም አንዲት ልጅ አለች፤ እርሳስ ልቅረጽ እያለች ስትነሳ ስትቀመጥ ትውላለች። በእረፍት ሰዓት አብሬያት ሜዳውን እዞራለሁ። እስካሁን የምታወራኝ ስለ ኳስ ብቻ ነው። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀመጠችኝ ዕለት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት ሞላኝ። ያኔ ትልቅ ሰው ስለሆነች የማትፈራ ትመስለኝ ነበር። ልጅቷ አንድ ቀን ኳሱን ትታ ያን ጥያቄ ብትጠይቀኝ፣ እንደ እናቴ ዓይን ዓይኗን እያየሁ «አላውቅም» ለማለት እግሬ ይጸናልኝ እንደሆነ እንጃ።