የፀጉር አስተካካዩ ሹመት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? የተቀመጠበት ወንበር ከፍታ ነው ወይስ ሰዎች ሲያዩት ፊታቸው ላይ የሚነበበው? በዚህ ሐሳብ ስብሰለሰል ዘወትር ፊቴ የሚደቀነው ፀጉር አስተካካይ የነበረው ጎረቤቴ ነው። ሰፈሩ «ምላጭ» ይለው ነበር።

ምላጭ አንድ ልማድ ነበረው። ክፉ ወሬ ካለ ባለጉዳዩ ከሌላ አፍ እንዲሰማ አይፈልግም። ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ አገጩን በሳሙና አረፋ ይሸፍናል፣ ምላጩን ጉሮሮው አጠገብ ያደርግና እቅጩን ይነግረዋል።

«እንዲህ ካልሆነ ማን ያስጨርሰኛል?» ይላል።

ለጫማ ሠሪው ልጁ ትምህርት ማቋረጡን የነገረው እንደዚሁ ነው። ጫማ ሠሪው ፊቱን ሳይጠርግ ብድግ አለና፣ «አንተ ከይሲ! ምላስህ ሳይላጭ የቀረው ለምንድን ነው?» ብሎ የስድብ መዓት አወረደበት። ምላጭ እየሳቀ ፎጣ አቀበለው። ሰውየው ከርሞ ከርሞ ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ ጉብ አለ።

ሰፈሩ ለምክር ቤት የመረጠው በዚሁ ጠባዩ ነው። ከንቲባ ሲሆንም አልተወውም፤ ውሃ ሊቋረጥ ሲል በየደጃፉ እየዞረ ራሱ ይናገርና ስድቡን ጠግቦ ይመለሳል። ዝናው ላይ ድረስ ተሰማ። የከተማ ልማት ሚኒስትር ሆነ።

ሹመቱን ሊያበስራት ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሲሄድ፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና እንኳ አላለችም።

«እትዬ፣ ሚኒስትር ሆንኩልሽ እኮ!»

«ሁን። ሸሚዝህን ግን አውልቅ፣ ኮሌታው ያሳፍራል።»

የሷም የጫማ ሠሪውም ሱቅ የነበረው በአንድ ረድፍ ላይ ነው። ዓመት ሳይሞላ ያ ረድፍ ለመንገድ እንዲፈርስ ተወሰነ። ሰው እንዳይሰበሰብ፣ ማፍረሻ ማሽኖቹ እስኪደርሱ ድረስ ነገሩ ከስብሰባው ክፍል እንዳይወጣ ታዘዘ። ምላጭ እጁን አውጥቶ፣ «እኔው ልንገራቸው፣ ያውቁኛል» አለ። «ስለሚያውቁህ ነው የማትነግራቸው» ብለው አስቀመጡት።

ከስብሰባው ሲወጣ እህቱ ደወለች። የተባባሉትን ኋላ ሁለቱም ነግረውኛል።

«ይፈርሳል የሚባለው እውነት ነው እንዴ? የተማሪዎች የደንብ ልብስ ተቀብያለሁ፣ ጨርቁን ልቆርጥ ነው። አዎ ወይ አይ በለኝ።»

ጸሐፊው በሩን ይዞ ቆሟል። ጠባቂው ጫማውን ያያል። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ እህቱ ትድናለች፣ እሱ ይወድቃል።

«ሰማኸኝ?»

«ሥራሽን ሥሪ እትዬ» አላት።

ሙሉውን ጨርቅ ቆረጠች።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኖቹ መጡ። እህቱ የስፌት መኪናዋን ጭንቅላት ብቻ ታቅፋ ወጣች። የተቆረጠው ጨርቅ ከጣራው ሥር ቀረ። ሰው እንደፈሩት አልጮኸም። ቆሞ አየ።

እኔም ከቆሙት መካከል ነበርኩ። ፀሐይ በረድ ሲል ምላጭ መኪናውን ከማዕዘኑ ትቶ ብቻውን በእግሩ መጣ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ፍርስራሹ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንድ ላይ ብድግ አሉ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ጫማ ሠሪው አንገቱን ሰበር አድርጎ። ከፍርስራሹ በርጩማ ጎትቶ አወጣና አቧራውን በእጅጌው ጠረገለት።

ምላጭ ወደ እህቱ ዞረ። እሷም እጅ ነስታ፣ «ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ምነው አንቱ አልሽኝ?»

ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። ሁሉም በአክብሮት ዝቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ምን ይዘጋሃል?» አለው ጫማ ሠሪውን፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ። «ከይሲ በለኝ እንጂ! እትዬ፣ እባክሽ! አንዳችሁ እንኳ ስደቡኝ!»