መብራት በአከራይ

በማግስቱ ከሶዶ ልወጣ ያን ምሽት ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ እራት አልቀመሰም። ቀኑን ሙሉ የናፍጣ ወረፋ ጠብቆ ባዶውን ነው የተመለሰው። ከሶዶ ሻንቶ የምትመላለሰው አሮጌ ሚኒባሳችን ሁለት ቤተሰብ ታበላለች፤ እሷ ከቆመች ሁለት ምድጃ ይጠፋል።

«አዲስ አበባ ሂድና የኤሌክትሪኳን መኪና ነድተህ እይ» አለኝ። «ወጪዋ እውነት ትንሽ ከሆነ ይህችን ሸጠን እሷን እንገዛለን። ኢሻ፣ እንዳትዋሸኝ።» ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው።

ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ዳጣ ብለው የሚያቀርቡላችሁ ቀይ ውሃ ነው። ሰዉን ሰላም ስትሉት ብድር የጠየቃችሁት ይመስለዋል። ተቀጥሬ የያዝኳት መኪና ግን ጭስ የላት፣ ጩኸት የላት፣ ዘይት ቀይሩልኝ አትል። የሳምንት ቻርጇ ጳውሎስ በቀን ለናፍጣ የሚያወጣውን አይሞላም። የመኪናዋ ባለቤት «ቤትህ አሳድራት፤ ቻርጁ በራስህ» አለኝ። ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ።

የቤት ኪራይ ውሉን ራሴ አነበብኩት። ማንበብ የለመድኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ቃል አልዘልም። «ውሃና መብራት በአከራይ» ይላል። ገመዱን በመስኮት አውጥቼ ሰካሁ።

በአራተኛው ቀን አከራዬ እትዬ አልማዝ በሬን አንኳኩ።

«የቆጣሪውን ካርድ ገና መሙላቴ ነው። ምን በላው?»

«ውሉ መብራት በአከራይ ይላል፣ እትዬ።»

«መብራት ማለት አምፖል ነው።»

«መኪናዋም አምፖል አላት። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት።»

«አንተን ፊደል ያስቆጠረህን ሰው ባገኘሁት» አሉ። «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ ሁለታችሁም።»

አሁን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ እሰለፋለሁ። ዋጋው ከቤቱ ይወደዳል፤ ከናፍጣ አሁንም ይረክሳል። ተሰልፌ ስውል ግን ተሳፋሪ አልጭንም። ወረፋ ሸሽቼ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ወረፋ ያዝኩ ማለት ነው።

እሁድ ጳውሎስ ደወለ።

«ለሚኒባሷ ገዢ መጥቷል። ልሽጣት?»

«ወጪዋ ትንሽ ነው፣ አልዋሽህም። ግን የራሱ ቆጣሪ ላለው ሰው ነው።»

«እኛ እኮ የራሳችን ቆጣሪ አለን።»

«አላችሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ሲመጣ ትሰካለህ። ናፍጣውስ መቼ መጣልህ?»



«ታዲያ ቤት እያለህ፣ አንተ እዚያ በሰው ቆጣሪ ምን ትሠራለህ፣ ኢሻ?»

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኩት። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።