ለአየለች የነገርኳት

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም፤ ዛፍ የሚባል ስላልበቀለባት እኛ «ራሰ በራ» እንላት ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ተነሱ!» ተባልን። ወጣን። መትረየስ ከግራ ተቀበለን። ተኛን፤ ተነሳን፤ ሮጥን። ረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ምሽጉን ያዝን። አሥር አለቃችን «ጳውሎስ፣ ውሃ አለህ?» አለኝ። ኮዳዬን ሳቀብለው ሞርታር መሀላችን ወደቀ። እሱ እዚያው ቀረ። የእኔን አገጭና ከንፈር ፍንጣሪው ወሰደው።

እናንተ ልጆች ይሄን ስነግራችሁ ጀግና ታደርጉኛላችሁ። ኧረ ተዉኝ! ውሃ ሳቀብል ነው የተመታሁት።

ከመዝመቴ በፊት አርባ ምንጭ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ሲቀላ ገበያ የምትቸረችረው አየለች ሙዝ ከእኛ ትረከብ ነበር። ስመለስ ልንጋባ ተነጋግረናል። ሆስፒታል ሁለት ዓመት ተኛሁ፤ አልጻፍኩላትም። ምን ብዬ ልጻፍ?

አርባ ምንጭ እንደገባሁ በቀጥታ ወደ ሲቀላ ሄድኩ። አፌን በሻርፕ ጠቅልያለሁ፤ ስናገርም እኮላተፋለሁ። እንድታውቀኝ ብዬ ሻርፑን ገለጥ አደረግኩት። ክው አለች። ዓይኗን ወደ ሙዙ መለሰች። አላወቀችኝም። ትንሽ ቆይታ የወታደር ጃኬቴን አየችና፣

«ወንድሜ፣ ግንባር ነበርክ እንዴ? ጳውሎስ የሚባል የጨንቻ ልጅ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ደህና ነው?»

«እኔ ነኝ» ልል ነበር። ግን ያን ድንጋጤዋን ዕድሜ ልኬን በገዛ ቤቴ ማየት ፈራሁ።

«ሞቷል» አልኳት።

ገበያው መሀል ጮኸች። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች፤ በዚያ ጥቁር ልብስ ሙዝ መዝናልኛለች። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ጊዜው ሄደ። ኋላ አገባች፤ ወለደች፤ ደግ አደረገች። በኮሮና ጊዜ አገር ምድሩ አፉን ሲሸፍን ግን እኔም እንደ ሰው ፊቷ ቆሜ ተጫወትኩ። «አሁንማ ሁላችንም አንተን መሰልን!» ብላ ሳቀች። ያ ሳቋ! ሰው ሁሉ ማስኩን ሲጥል እኔ ከፋኝ። ያን ጊዜ እስካሁን እናፍቀዋለሁ።

ያን ቀን ራሰ በራ ላይ ከእኛ ስድስት ሞቱ። ስማቸውን ከነአባታቸው አውቃለሁ። አየለች ስትጠይቀኝ ግን ሰባት ብያታለሁ። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ እገዛታለሁ። እኔን ባየች ቁጥር ጳውሎስ ትዝ ይላታል።

«ነፍሱን ይማር» ትላለች።

«አሜን» እላለሁ።