ጠጠሩን ሰንጥቆ የወጣው ሰርዶ

የክሊኒኩን ዘበኛ ሰዉ «ጠርጥር» ነው የሚለው። ሚስቱ እንኳ «አንተ እኮ ጥላህ ከኋላህ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለዋለች።

የክሊኒኩ ኃላፊ የመኪና ማቆሚያው ጭቃ አስመርሯት ጠጠር ይነጠፍበት ስትል፣ «የሚስቴ ወንድም እጁ የተባረከ ግንበኛ ነው፤ ለሱ እኔ አለሁ» ብሎ ዋስ የሆነው ጠርጥር ራሱ ነበር። ግንበኛውም ከጠጠሩ ስር አረም የሚያግድ ጥቁር ጨርቅ አንጥፌያለሁ ብሎ በሦስት ቀን ጨረሰ። ያን ሰሞን ጠርጥር አሞት ተኝቶ ስለነበር ሥራውን ቆሞ አላየም።

ክረምቱ ሲገባ ሰርዶ ጠጠሩን እየሰነጠቀ ብቅ ብቅ አለ። ጠርጥር ነቀለው፤ በሳምንቱ ተመለሰ። ጨው በፈላ ውሃ በጥብጦ ደፋበት፤ እሱ ጠወለገና ከጎኑ ሌላ በቀለ። በክራንች የምትሄድ አንዲት በሽተኛ ሳሩ ጠልፏት ልትወድቅ ስትል፣ ኃላፊዋ ጠርታ «ወይ ሳሩን አጥፋ፣ ወይ የሚያጠፋ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው።

ጠርጥር ታዲያ ሥሩን ትቶ ሰው መፈለግ ያዘ። ሳሩ የሚበረታው በአጥሩ በኩል ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለወፎች እህል ትበትናለች፤ እጣቢዋንም አጥሩ ስር ትደፋለች። «አሃ! ዘሩም ውሃውም ከዚያ ነዋ!» አለ በሆዱ። ሦስት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ዓይኑን ተክሎ ጠበቃት። በአራተኛው ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ጠፍቶህ ነው ቤቴን የምትሰልለው?»

«ግቢዬን ጫካ ያደረግሽው አንቺ አይደለሽ!»

መጀመሪያ ሳቀች። የምሩን መሆኑን ስታውቅ ግን ሜትሯ ከአንገቷ ሳይወርድ ዶማ ይዛ በበሩ ዞራ ገባች።

«ስንዴ በትኜ ሰርዶ የሚበቅለው በየት አገር ነው? እንካ ቆፍር!»

ቆፈረ። ጠጠሩን ገለጥ ቢያደርግ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም፤ ሰርዶው ባዶ አፈር ላይ ሥሩን እንደ ገመድ ዘርግቷል። መሀል ላይ ቆፈረ፤ የለም። በሩ አጠገብ ሲቆፍር ግን ጥቁሩ ጨርቅ ብቅ አለ። የተነጠፈው ኃላፊዋ ቆማ ባየችበት ቦታ ብቻ ኖሯል።

ጠርጥር ክው አለ። ከሰው ሁሉ ያልጠረጠረው የሚስቱን ወንድም ብቻ ነበር።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች ልብስ ሰፊዋ ዶማዋን እየተቀበለችው።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ዶማዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት፣ «ጨርቁማ እኛው ጓሮ አለ» አለች። «ወንድሜ ‹ተርፎኝ ነው› ብሎ ሲያመጣልህ የዶሮ ቤቱን ያለበስክበት እኮ ነው።»

ጠርጥር ያን ጨርቅ በገዛ እጁ ሲቸነክር ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም ነበር። ጠዋት ኃላፊዋ ዘንድ ገብቶ፣ የዶሮ ቤቱን ጭምር፣ አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ። እሷም «አስተካክሉት» አለች።

ግንበኛው ጠጠሩን ዝቆ፣ ሥሩን ለቅሞ፣ ከዶሮ ቤቱ የተነቀለውን ጨርቅ ጫፍ በጫፍ ደርቦ እንደገና አነጠፈ። ጠርጥር ከግንበኛው ራስ ላይ አልወረደም።

«ጋሼ፣ አታምነኝም እንዴ?»

«አላምንህም። ግለጠው፣ ልየው።»

ሰርዶው ከዚያ ወዲያ አልበቀለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታውን አልመለሰችለትም።