የአዴ ዘይነባ ቀይ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሮቤ ላይ የሥዕል ኤግዚቢሽኔ ተከፈተ... ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ሲለኝ ያመኛል።

ርዕሱ «ሴቶቹ አልኬሚስቶች» ነበር። ድሮ ድሮ ተራ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን ብለው ምድጃ ሥር ሲቀምሙ የኖሩ ሴቶች ነበሩ። ያገኙትን ማንም እንዳይወስድባቸው በእንቆቅልሽ ይጽፉት ነበር። ስለነሱ ሳነብ አበድኩ። ዘጠኝ ሥዕል ሳልኩ፤ ፊታቸውን ግን የጎባ ሴቶች ፊት አደረግሁት፤ አልኬሚስት በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነዋ!

አዴ ዘይነባን ማለቴ ነው። ሥዕል ላስተምር ባሌ የመጣሁ ጊዜ ጎባ ላይ ቤት ያከራዩኝ እናት ናቸው። ስፌት ይሰፋሉ። አክርማቸውን የሚነክሩበት ቀይ ፀሐይ አያደበዝዘውም። ገበያ ላይ ሰው የሳቸውን ሰፌድ ከሩቅ ይለየዋል። የሚኖሩትም በሱ ነው።

አሠራሩን እንዲያሳዩኝ ሁለት ዓመት ለመንኳቸው። አንድ ቀን ድስቱ አጠገብ አስቀመጡኝ።

«አንቺ ሰፊ አይደለሽም፤ ገበያዬን አትሻሚኝም። አማና ነው እንግዲህ!»

አማና አደራ ማለት ነው። «እሺ እናቴ» አልኳቸው... ለማለቱማ ማን ይበልጠኛል።

እንሶስላና መቅመቆ ይገባበታል። ይኼን ባሌ ውስጥ የማያውቅ ሴት የለም። ሦስተኛውን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ አሁን ነው ብልህ የሆንኩት!

ቅዳሜ ዕለት አዴ ዘይነባ አዲስ ሻሽ አስረው፣ በቅርቡ ከምትዳረው ልጃቸው ከራህማ ጋር ከጎባ መጡ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ሥዕሎቹን ዞሩ። እንዳሳዩኝ አድርጌ የቀባሁትን የገዛ ቀያቸውን ሸራ ላይ ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

የገበያውን ሰፊዎች ሁሉ ጋብዤ ነበር፤ ሙያቸው ይከበር ብዬ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ከሥዕሉ ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት ፎቶ ስታነሳ አዴ ዘይነባ አዩ።

«ሥዕሉ እያለ ወረቀቱን ምን ያደርግላታል? እስቲ አንብቢልኝ» አሏት ራህማን። እሳቸው ማንበብ አይችሉም።

ሠዓሊ ከሥዕሉ ሥር ስሙን፣ ርዕሱን፣ ቀለሙን ከምን እንደሠራው ይጽፋል። ትምህርት ቤት የለመድነው ነው፤ እጄ ሳያስብ ይጽፈዋል። እኔ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። ሁሉም ይግባው ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም!

ራህማ ጮክ ብላ ጀመረች... መሃል ላይ ድምጿ ወረደ።

«ስንት ነገር ነው የተጻፈው?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«ሦስት ነው፣ አዮ።»

«ሦስተኛው ምን ይላል?»

ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከችላቸው። አሮጊቷ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። አልጮሁም። ቢጮሁ ምናለ!

«ልጄ... ለሷ እንኳን ገና አልነገርኳትም ነበር። እኛ ቤት እናት ለልጇ የምትነግራት ስትዳር ነው። እናቴም ለኔ የሰርጌ ዋዜማ ነው የነገረችኝ። ለሰርጓ ነበር ያስቀመጥኩት።»

ወረቀቱን ገነጠልኩት። ራህማ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው እህቴ። ያነሱት አንስተውታል።»

ይኼኔ አንድ ከረቫት ያሰረ እንግዳ መጥቶ «የተደበቀ የሴቶች ዕውቀት ለሕዝብ አወጣሽ፤ ጎበዝ!» ብሎ ጨበጠኝ። አመሰግናለሁ አልኩት... ምን እላለሁ?

ትናንት ገበያ ወጣሁ። አራት ሴቶች ያንኑ ቀይ ዘርግተው፣ እርስ በርስ ዋጋ እየሰበሩ ይሸጣሉ። አዴ ዘይነባ ከመካከላቸው ተቀምጠዋል፤ ማንም ከሩቅ አይለያቸውም። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ጠሩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሳቸው የሰርግ ጥሪ አውጥተው ሰጡኝ።

«እንዳትቀሪ፤ ቤትሽ ነው» አሉኝ።

እስቲ ምከሩኝ፣ ለሙሽራዋ ምን ይዤ ልሂድ? እናቷ ልትሰጣት የነበረውን እንደሆነ እኔ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ጨርሼዋለሁ።