ከተስማማንበት ፍሪኩዌንሲ አልነቃነቅም

ዛሬ ከሰዓት የጋሼ ታምሩን ጥሪ ስክሪኔ ላይ እያየሁ ዝም አልኳቸው።

ጋሼ ቡሬ የሚኖሩ ጡረተኛ የሬዲዮ ቴክኒሺያን ናቸው። አማተር ሬዲዮን፣ በትርፍ ጊዜ በሬዲዮ መገናኘትን፣ የቡድናችንን አባላት ሁሉ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

የምንገናኝበት ሳተላይት ባለፈ ቁጥር በሰማያችን የሚቆየው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጊዜው በመፈላለግ እንዳያልቅብን፣ በጽሑፍ የምንጠራራበትን አንድ ፍሪኩዌንሲ ባለፈው ወር ተስማማን። ጋሼም "ይሁን" ብለው ነበር።

ዛሬ ግን በለመዱት፣ በድሮው ፍሪኩዌንሲ ጠሩ። ስክሪኔ የሌላውንም ፍሪኩዌንሲ ጥሪ ያሳየኛል፤ መመለስ የምችለው ግን ባለሁበት ላይ ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ተሳስተዋል" ያለ የለም። ሁሉም ተከትሏቸው ሄደ። እኛ አገር ታላቅን ከማረም አብሮ መሳሳት ይቀላል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ ከተስማማንበት ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ሰባት ደቂቃ። ትዕቢት ይሆን እያልኩ።

ከዚያ አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ። "ከሽንዲ ነኝ። የሚሰማ አለ?" አዲሷ አባላችን መምህርት ስንዱ ናት፤ የመጀመሪያ ጥሪዋ ነበር። መለስኩላት። ሳተላይቱ ጠለቀ።

ወዲያው ጋሼ በስልክ ደወሉ።

"አንተ፣ ዓይንህ ፈዘዘ?"

"አይቼዎታለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ናቅኸኝ?"

"ስንዱ የጠራችው ከተስማማንበት ላይ ነው። እኔም እርስዎ ጋ ብመጣ ማን ይመልስላት ነበር?"

"ደረቅ" ብለው ዘጉት።

ቢቀየሙኝም ነገ እዚያው ነኝ።

እናንተስ፣ በይሉኝታ የተስማማችሁበትን ቦታ ጥላችሁ የሄዳችሁበት ቀን አለ? እዚያ መጥቶ ያጣችሁ ማን ነበር?